ሰኔ ሳይገባ ቦዩን እንጥረግ

ወገኖቼ፣ ግንቦት እያለቀ ነው። ዶማና አካፋ አንሱ! ከደጃችን የሚያልፈው የጠጠር መንገድ ቦዩ በደለል ሞልቷል፤ ቱቦው ቅጠልና ፌስታል ጎርሷል።

የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ውሃው መውረጃ ያጣል። በመንገዱ መሀል ይወርዳል፤ ጠጠሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ያኔ ምጥ የያዛት እህታችን በቃሬዛ ናት። ማዳበሪያው ለዘር አይደርስም፤ ወተቱ ገበያ ሳይገባ ይበላሻል።

«መንግሥት የት አለ?» እንላለን። እንጠይቅ! ግን ማንን እንደምንጠይቅ እንወቅ። አገር አቋራጩ ዋና መንገድ የፌዴራል ነው፤ ኃላፊው በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ «አውራ ጎዳና» የምንለው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ከዋናው ተገንጥሎ የሚገባው በአብዛኛው የክልሉ፣ ቀበሌ ከቀበሌ የሚያገናኘው የወረዳው፣ የከተማ ውስጡ የከተማው ነው።

ለጥገና ደግሞ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ተቋቁሟል። ዋና ገቢው ከነዳጅ ሽያጭ ይሰበሰባል። ሚኒባስ የተሳፈራችሁ፣ ጤፋችሁን በአይሱዙ ያስጫናችሁ ሁሉ ከፍላችኋል። የከፈለ ይጠይቃል! ወረዳ ሂዱ። «መንገዳችን በዘንድሮው የጥገና ዕቅድ ውስጥ አለ ወይ?» በሉ። ነገ ተመለሱ ካሏችሁ ነገ ተመለሱ፤ ከነገ ወዲያም ሂዱ።

ጎርፉ ግን ግሬደር እስኪመጣ አይጠብቅም። እኛ እንቅደመው!

ሾፌር ወንድሜ፣ ከልክ በላይ አትጫን። በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን የአስፋልቱ ጉዳት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ነጋዴው ሆይ፣ «ትንሽ ጨምርበት» አትበለው። አባቴ፣ ሲያርሱ የቦዩን ጠርዝ አይቁረሱት፤ የማሳዎንም ውሃ ወደ መንገዱ አይልቀቁት። ባለሱቋ እህቴ፣ ቆሻሻሽን ቱቦ ውስጥ አትጣዪ።

ዛሬ ማታ የእድር ዳኛውን አነጋግሩ፤ ነገ ጥሩምባው ይነፋ። ለአጨዳ ደቦ የምንጠራ ሰዎች ለመንገዳችንም እንጥራ! ጉልበት ያለው ይቆፍር፤ የደከመው ቆሎና ውሃ ይዞ ይምጣ።

ከታች፣ ከቱቦው መውጫ ጀምሩ። መውጫው ሳይከፈት ላይኛውን ብትጠርጉት ደለሉ ተመልሶ ይደፍነዋል። ታች ተሰለፉ፣ ወደ ላይ እየቆፈራችሁ ውጡ፤ ሰማዩ ገና ጠራ እንዳለ!