ሪያድ ላለችው ውል፣ ቦሌ ላለችው ምን?

አንድ ባለጸጋ ከከተማ ወጣ ብሎ የወተት ላሞች እርሻ አላቸው እንበል። ላሞቹን የሚያልበው ልጅ በሕግ ፊት «ሠራተኛ» ነው። መደበኛ ሥራው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት 24 ሰዓት ያርፋል፤ በዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ያንኑ ወተት ጌታው ቤት ተቀብላ የምታፈላው ልጅስ? እሷ ከአዋጁ ውጪ ናት! የግቢው ዘበኛና አትክልተኛም እንደዚያው።

ቀልድ አይደለም ጎበዝ! የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከነጭራሹ አውጥቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነው ይላል። የ1996ቱም አዋጅ ይህንኑ ብሎ ነበር። ደንቡ ሳይወጣ አዋጁ ራሱ አርጅቶ ተሻረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ ጤናና ግብረ ገብ እንዲጠብቅ ያዛል። ደግ ቃል ነው፤ ግን ደግ ቃል ሰዓት አይቆጥርም።

ይህችው ልጅ ዓረብ አገር ብትሄድስ? የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 923 ውሏ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይጽደቅ ይላል። በ2006 ዓ.ም. ግፉ በዛ ተብሎ ጉዞው እስከ መታገድ ደርሶ ነበር። ለሪያዷ መቆርቆሩ ይበል የሚያሰኝ ነው። ለቦሌዋ ግን? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

«እንደ ልጃችን ናት እኮ፣ ምን ውል ያስፈልጋታል?» የሚሉ አሉ። እስቲ ልጠይቃቸው፤ ልጃችሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ትጋግራለች? የእንግዳ ሳህን ስታጥብ አምሽታ ማድ ቤት ወለል ላይ ትተኛለች? እንደ ልጅ ከሆነችማ የማታ ትምህርት ትላካ!

«ደመወዝተኛውስ ከየት ያምጣ?» ለሚለኝ፣ እኔ ደመወዟ ይታጠፍ አላልኩም። የተጻፈ ውል፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ ስትበደል የምትከስበት ቦታ ይኑራት ነው የምለው። ይኼ ማንንም አያደኸይም።

ደንብ የሚያረቁት ክቡራን ጠዋት ቢሮ ሲገቡ የለበሱትን ሸሚዝ ልብ ብለው ይዩት። የተኮሰችው ማን ናት? ስንት ሰዓት ተነስታ?