ለወታደሮቹ የተነፈገው ምሕረት

የእንግሊዝ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1871 ዓመት በጥር ወር ለአየርላንድ የፖለቲካ እስረኞች ያደረገው ምሕረት ከታላቅ መንግሥት የሚጠበቅ መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን ምሕረቱ እነማንን እንደ ፈታና እነማንን እንደ ተወ ሲመረመር ከፍርድ ሚዛን የጐደለ ነገር ይገኝበታል።

ፌንያን የተባለው ማኅበር አየርላንድን በጦር መሣሪያ ከእንግሊዝ ግዛት ለማውጣት በስውር የተቋቋመ ነበር። የማኅበሩ ሰው ጆን ዴቮይ በ1865 ዓመት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉትን አየርላንዳውያን ወታደሮች እያግባባ ወደ ማኅበሩ ያስገባ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ተይዞ የ15 ዓመት ከባድ እስራት ተፈረደበት። ወታደሮቹም በጦር ፍርድ ቤት እየተፈረደባቸው ታሰሩ፤ አንዳንዶቹም ባሕር ተሻግረው ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ተጋዙ።

በአይዛክ በት የሚመራው የምሕረት ማኅበር በ1869 ተቋቁሞ ሕዝቡን በየአደባባዩ እየሰበሰበ አቤት አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶንም ዴቮይንና ጓደኞቹን፥ የእስራታቸው ዘመን እስኪፈጸም ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ አግዶ፥ ለቀቃቸው። ወታደሮቹ ግን ለንግሥቲቱ የማሉትን አፍርሰዋልና ተብሎ ቀሩ።

የመሐላ ነገር ቀላል አይደለም። ወታደር መሐላውን እንደ ፈቀደ ቢያፈርስ ጦር ሊጸና አይችልምና የመንግሥቱ ምክንያት ከንቱ ነበር አይባልም። ሆኖም ያሳተው ተፈትቶ የተሳተው በግዞት ቢቀር ይህን ማን ትክክለኛ ፍርድ ነው ይለዋል? ወታደሩስ መሐላውን ያፈረሰው ከማን ጋራ መክሮ ነው?

ዴቮይ ግን በኒው ዮርክ ተቀምጦ ወታደሮቹን አልረሳቸውም። በአሜሪካ ካሉት የአገሩ ሰዎች በተሰበሰበው ገንዘብ ካታልፓ የምትባል የዓሣ ነባሪ ማጥመጃ መርከብ ተገዛች፤ በ1876 በሚያዝያም ስድስቱን ከፍሪማንትል ይዛ አመለጠች። ከወደቡ የተላከችው መርከብ ደርሳ ብታስፈራራት ካፒቴኑ ጆርጅ አንቶኒ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ አሳይቶ አለፈ። መንግሥቱ በቸርነት ሊያደርገው ይችል የነበረው ነገር በሌሎች እጅ፥ በራሱ ኀፍረት ተፈጸመ። ለዚህም ሥራ የተነሡት በምሕረቱ ከአገር የተሰደዱት ራሳቸው መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው።

ያላመለጡትም ነበሩ። ከታሰሩት ወታደሮች አንዱ፥ የሃምሳ አለቃ ቻርልስ ማካርቲ፥ ወደ 12 ዓመት ያህል ታስሮ በ1878 በጥር ተለቀቀ፤ ደብሊን በገባ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዴቮይ ግን ዕድሜ አግኝቶ በ1924 ራሷን ወደ ቻለችው አገሩ በክብር እንግድነት ተመልሶ ጐበኛት።