«የለበትም» እየተባለ ስለሚሸጠው ቅመም

ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የተባለውን የወጥ ማጣፈጫ ደንበኛው «መርዝ ነው አሉ» እያለ ሲሸሸው፣ አንዳንዱ ነጋዴ በማሸጊያው ላይ «የለበትም» ብሎ አትሞ ፍርሃቱን ይቸረችራል። ይኽ ንግድ ደስ አያሰኝም።

ቅመሙን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ከባሕር አረም ለይተው ያወጡት ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ኪኩናኤ ኢኬዳ ናቸው። ዛሬ የሚሠራው የሸንኮራ አገዳ ሞላሰስንና ይኽን የመሰለውን በማብላላት ነው፤ ጠጅ ለሚጥል ሰው እንግዳ ጥበብ አይደለም። ወሬው የተነሣው በ1968 አንድ ሐኪም፣ በአሜሪካ የቻይና ምግብ ቤት ሲበሉ ማጅራታቸው እንደሚደነዝዝ ገልጠው ለሕክምና መጽሔት በጻፉት ደብዳቤ ነው። ሐኪሙ ግን ቅመሙን ከጨውና ከማብሰያ ወይን ጋራ ጠረጠሩት እንጂ አልፈረዱበትም። ያለ ምግብ 3 ግራምና ከዚያ በላይ ሲወስዱ ለጥቂት ጊዜ ራስ ምታት የሚሰማቸው ሰዎች እንዳሉ አይካድም፤ ይኽን ያኽል በአንድ ሳሕን ወጥ የሚጨምር ባለሙያ ግን ከወዴት ይገኛል?

በቲማቲም ውስጥ ያለውም ግሉታሜት ያው ነው። ሶዲየሙም ከመቶ 12 እጅ ያኽል ሲሆን የገበታ ጨው 39 ይደርሳል፤ ስለዚህ ጨውን ቀንሳ በምትኩ ጥቂት የምትነሰንስ እመቤት ትጠቀማለች፣ በጨው ላይ የምትደርብ ግን አትጠቀምም።

በአሜሪካ የእርሾ ጭማቂ የገባበት ምግብ፣ ግሉታሜቱ በውስጡ ስላለ፣ «የለበትም» ተብሎ እንዳይጻፍበት መንግሥት ከልክሏል። የእኛም አስመጪዎችና ፋብሪካዎች የገባውን ሁሉ በአማርኛ በግልጽ ይጻፉ፤ ገዢው አንብቦ ይምረጥ።