ኃይሉ በደም ውስጥ አይደለም

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ አለ፤ ወላጆቹን አያውቅም፣ አክስቱ ጋ ነው ያደገው። ትከሻው ላይ ምልክት አለው። 17 ዓመት ሲሞላው ሕልም ማየት ይጀምራል። ሕልሙን ተከትሎ በታንኳ ወደ አንዲት የጣና ደሴት ይሻገራል። አንድ አረጋዊ መነኩሴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ «ልጄ፣ ቀኑ ደረሰ፤ አንተ እኮ የነገሥታት ዘር ነህ» ይሉታል። መሬቱ ይከፈታል፣ ብራናው ይገለጣል፣ ልጁ አንድም ቀን ሳይማር ሁሉን ያውቃል። ክፍል 12 ይቀጥላል፤ ለጓደኛዎ ያጋሩ።

እኔ ባሕር ዳር የምኖር ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ቀን ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ማታ ፋንታሲ አነባለሁ። በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚለቀቀውንም፣ በፒዲኤፍ የሚዞረውንም አነባለሁ። እና ይሄ ታሪክ ይብቃን ልል ነው የመጣሁት። ፋንታሲ ይብቃን አላልኩም። ይብቃን የምለው ኃይል በደም ይወረሳል የሚለውን ፋንታሲ ነው።

በመጀመሪያ ከማን ጋር እንዳልሆንኩ ልናገር። «የፈረንጅ ተረት ነው»፣ «ጥንቆላ ነው»፣ «ትልቅ ሰው ይሄን ያነባል?» ከሚሉት ጋር አይደለሁም። የእኛ ገድላት ውስጥ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ አላቸው። ዞሲማስ ወደ ብሔረ ብፁዓን ተሻግሮ ያየውን ይተርካል። እኛ ጋ ትልልቅ ሰዎች ስለ ስውራን ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በዓይን የማይታይ ዓለም ለዚህ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም።

የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የጣና ዳር ልጅ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ የዘርፉን ስም የምንጠራው በዚያ ነው። የመጽሐፉ ጀግና ጦቢያ ትከሻዋ ላይ ምልክት የላትም። የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ያላት ብልሃትና እግር ብቻ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. ወጣ፣ ደጋግሞ ታተመ፤ ጣናንና ገዳማቱን ከሰላዮችና ከሳይንስ ጋር አገናኘ። ስንቱ የእኔ ዕድሜ እኩያ ነው በሕይወቱ መጀመሪያ የጨረሰው ረጅም ልብ ወለድ እሱ የሆነው? ውለታው አይካድም። ግን ከእሱ በኋላ በየስልካችን የተጻፉትን ሳይ፣ የወሰድነው ቅርፊቱን ይመስለኛል። ዴርቶጋዳ ውስጥ ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፤ ተምረው እዚያ የደረሱ ሰዎች ናቸው። እኛ ምስጢሩን ይዘን ትምህርቱን ጣልነው።

«ልብ ወለድ አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው?» ትሉኝ ይሆናል።

ችግሩ «በደም የሚተላለፍ ስውር ኃይል» እዚህ አገር አዲስ ሐሳብ አለመሆኑ ነው። ስም አለው፤ ቡዳ ይባላል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራልን ሰው ሙያውን ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ፣ እጁን እሳት እየፈጀው ነው የተማረው። እኛ ግን ይሄን ከማመን ይልቅ በደሙ ውስጥ አንድ ነገር አለ አልን። በማረሻው አረስን፣ ልጃችንን ግን አልሰጠነውም። ሸክላ ሠሪዋንም እንዲሁ። ቤተ እስራኤሎችን በዚሁ ስም ስንጠራቸው ኖርን። እዚሁ ሐይቃችን ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ደግሞ ጉማሬ በላችሁ ተብለው ከማዕድ ተገለሉ፤ በታንኳቸው ግን ተሻገርንበት።

የነገሥታት ዘር የሆነው ጀግናና ቡዳ የተባለው ቀጥቃጭ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው። አንዱን ደሙ ያነግሠዋል፣ ሌላውን ደሙ ያስወግዘዋል። ሁለቱም ጋ የሰውየው ሥራ አይቆጠርም። ዘር ቆጠራ ስንት ሰው እንዳስከፈለን በዓይናችን ያየን ትውልድ ነን። ታዲያ ለመዝናናት በምናነበው ነገር ውስጥ እንኳን የደም ቆጠራውን ጀግንነት ብለን እንጽፈዋለን?

ሁለተኛው የተለመደ ነገር የተሰረቀው ጥበብ ነው። አባቶቻችን ሮኬት የሚያስወነጭፍ ብራና ነበራቸው፤ ፈረንጅ ሰርቆ ወሰደው፤ ልጁ ያስመልሰዋል። ስርቆቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘርፎ ከወሰዳቸው ብራናዎች ወደ 350 የሚጠጉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ውስጣቸው ያለው ግን ወንጌል ነው፣ ድርሳን ነው፣ ገድል ነው፣ ታሪክ ነው። ሰው በመቃ ብዕር ለወራት ጎንበስ ብሎ የጻፈው ሥራ ነው። ይሄ አይበቃም? መጽሐፉ እንዲያስቆጨን የግድ የሮኬት ንድፍ መሆን አለበት? የእውነቱን ዝርፊያ በውሸት ጥበብ ስናስጌጠው የምንሰድበው ጸሐፊዎቹን ነው፤ የጻፉት ነገር ብቻውን ዋጋ የለውም እንደማለት ነው።

አሁን ወደ አስማት ልምጣ። «አስማት» የግእዝ ቃል ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር። በቀጥታ ሲተረጎም «ስሞች» ማለት ነው። ክታብ የሚጽፈው ደብተራ ኃይሉ አለ የሚባለው በሚያውቃቸው ስሞች ነው። ስሞቹን የሚያውቀው ደግሞ ስለተማረ ነው። ንባብ ቤት ገብቷል፣ ዜማ ቤት ገብቷል፣ ቅኔ ቤት ገብቷል። ለምድ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ቁራሽ ለምኖ ነው ያደረው። ማንም «የማን ዘር ነህ?» ብሎ ቅኔ አይሰጠውም፤ ቅኔው ሲበላሽበት በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፣ በማግስቱ እንደገና ይቆጥራል።

ተረቶቻችን ውስጥ ያለው አቋራጭ እንኳን ዋጋ አለው። አብሾን አስቡት። ጠጥቶ የተነሣለት ተማሪ የሰማውን አይረሳም ይባላል፤ ልኩን ያለፈው ደግሞ ያብዳል። አንድ ኃይል፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ልክ። ለፋንታሲ ከዚህ የተሻለ ሕግ ከየት ይመጣል? ልብ ወለድ የሚሆን ነገር በእጃችን እያለ ነው ትከሻ ላይ ምልክት የምንፈልገው።

አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው የኧርዝሲ መጽሐፍ ውስጥ አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። ልጁ ተሰጥኦ አለው፤ ግን ደሴት ላይ ባለ ትምህርት ቤት ስሞችን ማጥናት ግድ ይሆንበታል። በትዕቢቱ የለቀቀው ጥላ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ደሴት፣ ትምህርት ቤት፣ ስሞች! ይሄን መጽሐፍ መጻፍ የነበረበት የጣና ልጅ አልነበረም? ሃሪ ፖተርም ቢሆን የተመረጠ ልጅ ታሪክ ነው፤ ግን የሄርሞይኒ ወላጆች ተራ የጥርስ ሐኪሞች ናቸው፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ደም የሚቆጥሩትም ክፉዎቹ ናቸው። እኛ ስንገለብጥ እሱን አልገለበጥንም።

«ተራ እውነት ግን ያሰለቻል፤ ምስጢር ነው የሚስበን» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ምስጢር ልንገራችሁ። ጣና ሥር እውነት የተሰወረ ኃይል አለ። የሐይቁ ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ከመሬት በታች ወዳለ አዳራሽ ይወርዳል፤ እዚያ አራት ተርባይኖች ይጠብቁታል። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 460 ሜጋ ዋት። ሥራ የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ዴርቶጋዳ በወጣ በዓመቱ። ይሄን የከፈተው የተመረጠ ልጅ አይደለም። ለኩቶ፣ ቆፍሮ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና ለክቶ የሚሠራ ሰው ነው የከፈተው። እሱን ሥራ በፋንታሲ ጻፉልኝ፤ ዋሻው ውስጥ ጋኔን ጨምሩበት፣ ደስ ይለኛል። ብቻ ጋኔኑን የሚያሸንፈው የለካ ሰው ይሁን።

ይሄን ሁሉ የምለው የሥነ ጽሑፍ ጣዕም ጉዳይ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ጦርነት አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት የሰፈራችን ልጆች ልብ ወለድ በዜንደር ይላላኩ ነበር። ከትምህርት ገበታ የተለየች የ14 ዓመት ልጅ አስቡ። ደብተሯ ባዶ ነው፤ በእጇ ያለው ስልክ ላይ «ሳይማር ሁሉን አወቀ» የሚል ታሪክ አለ። ለልጁ ትምህርት አላስፈለገውም፤ ዘሩ በቃው። ለእሷስ? የተመረጠች ካልሆነች ምን ይቀራታል? የተዘጋው ትምህርት ቤት ነገ ሲከፈት፣ መማር ኃይል መሆኑን ማን ነገራት?

ማምለጫ አትሁኑ እያልኩ አይደለም። ሰው በጨነቀው ጊዜ ማምለጫ ያስፈልገዋል፤ እኔም አመልጣለሁ። ግን የት እንደምናመልጥ እንምረጥ። እናንተ የምትጽፉ ልጆች፣ ደሴቷንም ታንኳውንም መነኩሴውንም አትጣሉ። መነኩሴው በሩን ሲከፍቱ ግን የአባቷን ስም ሳይሆን ፊደል ቆጥራ እንደሆነ ይጠይቋት። አልቆጠርኩም ካለች ደግሞ አይመልሷት። ከ«ሀ» ያስጀምሯት፣ ዓመት ይፍጅባት፣ ይሳሳትባት፣ ዋጋ ትክፈል። እንዲህ ያለውን ታሪክ በ40 ክፍል ልቀቁት፤ አርባውንም አነባለሁ።