ትንሿም ምት ትቆጠራለች



ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው። ዱላው ውድ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሣሩ የሚጠጣው ውሃ ብዙ ነው። እኛ የምናየው ወይ ከመኪና መስኮት ወይ በአሠሪዎቻችን ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ነው። «ታዲያ ለእኛ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ጎልፍ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ልብስ እየተኮስኩ በጆሮዬና በግማሽ ዓይኔ ዓመታት ስከታተለው ባልቆይ ኖሮ ይህንኑ እል ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። በዚህ ጨዋታ ሰው የሚሸነፍበት መንገድና አገር ቤት በላክነው ብር የሚከፈተው የቤት ውስጥ ሥራ የሚከስርበት መንገድ በጣም ይመሳሰላል።

ላላየችው በአጭሩ ልንገራት። የገናን ጨዋታ አስቢ፤ ዱላና ኳስ አለ፣ ሩጫና ግፊያ ግን የለም። ተጫዋቹ ትንሿን ኳስ እየመታ መሬት ላይ ወዳለች ቀዳዳ ያስገባታል። ሙሉ ሜዳ 18 ቀዳዳ አለው። የሚያሸንፈው በጥቂት ምት የጨረሰው ነው። ኳሷን 250 ሜትር ያበረረ ምት አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሳ በአንድ ስንዝር የቀረችውን ኳስ መግፋትም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሊመታ ሰንዝሮ ኳሷን ስቶ አየር ቢመታ እንኳ፣ እሱም አንድ ነው። «ይቺን ተዋት፣ ትንሽ ናት» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አንዷ እህታችን ለታናሿ ምጣድ ገዝታ፣ ጤፍ አስፈጭታ እንጀራ ሽያጭ አስጀመረቻት እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፤ እናንተ የየሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት። ለአንድ እንጀራ ጤፉ፣ ማስፈጫውና መብራቱ 20 ብር ይፈጃል፤ የሚሸጠው በ25 ብር ነው። በቀን 100 እንጀራ ሲጋገር 500 ብር ትርፍ ይመስላል። በስልክ የሚነገረንም ይሄው 500 ነው። ደስ ይላል።

ግን 10 እንጀራ ቤት ተበላ፣ ለጎረቤትም ተሰጠ፤ 250 ብር ሄደ። 5 እንጀራ በዱቤ ተወስዶ ሳይከፈል ቀረ፤ 125 ብር። ለፌስታልና ለትራንስፖርት 100 ብር ወጣ። የቀረው 25 ብር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ጭስ የበላች ልጅ ደሞዟ የታለ? ምጣዱ ሲበላሽ መጠገኛውስ? በስድስት ወር ውስጥ «ብር ላኪልን፣ ጤፍ ተወዷል» የሚል ስልክ ይደወላል። እኛም የጤፉን ዋጋ እንራገማለን። ጤፍ መወደዱ እውነት ነው፤ ሥራውን የጣሉት ግን ማንም ያልቆጠራቸው ትናንሽ ምቶች ናቸው።

እናት ቤት ያለውን እንጀራ አትብላ፣ ጎረቤት ሲታመም አይወሰድለት እያልኩ አይደለም። እንደዚያ ያለ ንግድ ይቅርብን። ብሉ፣ ስጡ፣ ግን ጻፉት። ቤት የበላው ለብቻው ይጻፍ። ያኔ የሚያከስረው ንግዱ ነው ወይስ ንግዱ ቤተሰቡን እየቀለበ ነው የሚለው ይለያል። ቤተሰቡን እየቀለበ ከሆነ እሱም ትልቅ ነገር ነው፤ በየወሩ ለቀለብ ከምንልከው ላይ ሊቀነስ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር መዝገቡን የሚይዘው ማነው የሚለው ነው። በጎልፍ ውድድር የአንዱን ተጫዋች ውጤት የሚጽፈው አብሮት የሚጫወተው ሰው ነው፤ ባለቤቱ አይቶ ይፈርማል። በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ በሚባለው ትልቅ ውድድር ላይ ሮቤርቶ ደ ቪሴንዞ የተባለ አርጀንቲናዊ የመጨረሻውን ቀን በ65 ምት ጨረሰ። አብሮት የተጫወተው ሰው ግን በ17ኛው ቀዳዳ 3 የነበረውን 4 ብሎ ጽፎ ነበር። ደ ቪሴንዞ ሳያስተውል ፈረመ። ሕጉ የተፈረመበትን 66 አጸናው። ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ወጥቶ ለዋንጫው እንደገና ሊጫወት ሲገባው፣ በአንዲት ምት ሁለተኛ ሆነ። ማንም አልሰረቀውም፤ የጻፈው ሰውም ተንኮል አልነበረበትም።

ይህን ያነሳሁት «ወንድሜ ይዞልኛል»፣ «እህቴ ታውቀዋለች» ለምንለው ነው። ሂሳብ መጠየቅ ሌባ ብሎ መጠርጠር ይመስለንና እናፍራለን። ወንድም ታማኝም ሆኖ ሊረሳ ይችላል፤ 3ቱን 4፣ 4ቱን 3 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። አንድ ደብተር ይገዛ፤ አራት መስመር ይኑረው፤ የገባ፣ የወጣ፣ ቤት የበላው፣ ዱቤ። በየሳምንቱ እሁድ ገጹ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ይላክልሽ። አንቺም ደምሪው። ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ከተለመደ ማንም አይቀየምም፤ ቅያሜ የሚመጣው ብሩ ካለቀ በኋላ ሲጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ለተሳካላቸው ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ካርኑስቲ ላይ በተደረገው ታላቅ ውድድር ዣን ቫን ደ ቬልድ የተባለ ፈረንሳዊ ወደ መጨረሻው ቀዳዳ ሲደርስ በሦስት ምት ይመራ ነበር። ቀዳዳውን በ6 ምት ቢጨርስ ዋንጫው የሱ ነው። ቀስ ብሎ፣ አጭር አጭር እየመታ ቢሄድ ይበቃው ነበር። እሱ ግን በረጅሙ መታ። ኳሷ ከተመልካቹ መቀመጫ ጋር ተጋጭታ ረጅም ሣር ውስጥ ገባች፤ ቀጥሎ ወንዝ ውስጥ። ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ እስከመቆም ደረሰ። በ7 ጨረሰ፤ እኩል ከወጡት ጋር እንደገና ተጫውቶ ዋንጫው ለፖል ሎሪ ሆነ። ሎሪ በዕለቱ ጠዋት መሪው ላይ ለመድረስ 10 ምት ይቀረው ነበር።

እኛም ዘንድ ይሄ አለ። የጓዳው ሥራ ሲይዝ፣ በር ላይ ደንበኛ ሲሰለፍ፣ ወዲያው «ሱቅ እንከራይ፣ መኪና እንግዛ» ይመጣል። የቤት ኪራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ይከፈላል፤ የቀረው የኮንትራት ደሞዝም ገና ሳይሠራ ይበደርበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደብተሩ ዓመት ሙሉ ትርፍ ካላሳየ ከጓዳ አትውጡ። ሁለተኛ ምጣድ የሚገዛው የመጀመሪያው ምጣድ ባመጣው ትርፍ ነው፤ ከዚህ በሚላክ ደሞዝ ከተገዛ ግን የሚያድገው ንግዱ ሳይሆን የእኛ ሸክም ነው።

እዚሁ ሆነው ስለሚሠሩትም አንድ ቃል። ጎልፍ ሜዳ ዳር ነጭ ችካል ይተከላል። ኳስ ከዚያ ካለፈች አንድ ምት ቅጣት ይጨመራል፤ ተጫዋቹም ወደ መታበት ቦታ ተመልሶ እንደገና ይመታል። እኛ ባለንባቸው አገሮችም ችካል አለ። በአብዛኞቹ ከካፊል ፈቃድ ውጭ በትርፍ ሰዓት ጸጉር መሥራት፣ ምግብ እያዘጋጁ መሸጥ እስርና ወደ አገር መመለስ ሊያስከትል ይችላል። ሕጉ ልክ ነው አላልኩም። ችካሉ የት እንዳለ ሳታውቁ ግን አትምቱ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ማኅበራችንን አማክሩ።

ጨዋታና ኑሮ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ጎልፈኛው ሲሸነፍ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ስንከስር የሄደው የሁለት ዓመት እንቅልፍ ነው፣ ሳናያቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። «አለቀ» ተብሎ ሌላ ኮንትራት የፈረሙ እህቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መቁጠር ከማንም በላይ የሚያስፈልገን ለእኛ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችን አገር ቤት ሥራ ያላችሁም ልትጀምሩ ያሰባችሁም ደብተራችሁን ወይም የገጹን ፎቶ ይዛችሁ ኑ። ስም አይጠራም፣ ማንም አይሳቅበትም። ሂሳብ የሚችሉት ከማይችሉት አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ማንበብ ለሚከብዳቸውም እናነብላቸዋለን። ደብተር የሌላት ባዶ እጇን ትምጣ፤ እዚያው አራቱን መስመር አስምረን እንሰጣታለን።