ምጣዱ ይነዝራል፤ ባለቤቱ ማነው?

የምኖርበት ግቢ ውስጥ አምስት ተከራዮች አንድ ቆጣሪ እንጋራለን። ባለፈው ሳምንት አንዷ ጎረቤታችን እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ነዝሮ ወለሉ ላይ ዘረራት። እግዜር አተረፋት! አከራያችን ሰምተው ሲመጡ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ጫማ አድርገሽ ጋግሪ አላልኩሽም?»

እሳቸውን ብቻ ልወቅስ አልችልም። በየቤቱ ያለው መድኃኒት ይኸው ነው፤ የላስቲክ ጫማ ማጥለቅ፣ ጣውላ ላይ መቆም። ለመሆኑ ምጣድ የሚነዝረው እርግማን ሆኖበት ነው እንዴ? አይደለም! በሸክላው ውስጥ የተጠመዘዘውን ሽቦ ውኃና እርጥበት ሲያገኘው ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ይሾልካል። ብረቱ በሦስተኛው ሽቦ፣ በዚያ አረንጓዴና ቢጫ በሆነው፣ ከመሬት ጋር ታስሮ ቢሆን ኖሮ የሾለከው በዚያ በኩል ይወርድ ነበር። እኛ ግቢ ያ ሽቦ ጭራሹኑ የለም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የወረደው በሴትዮዋ ገላ በኩል ነው።

«ፊውዝ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊውዝም ሆነ ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። አንድ ምጣድ 4 ኪሎዋት ያህል ይስባል እንበል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 18 አምፔር ነው። ፊውዙ ያንን ችሎ ዝም ማለት አለበት። ሰው ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አሥረኛ እንኳ ይበቃል። ሰው ሞቶ ፊውዙ ላይሰማው ይችላል ማለት ነው! የእኛውማ ጭራሽ፣ መቅለጡ አሰልቺ ሆኗል ተብሎ በመዳብ ሽቦ ተጠምዝዟል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ፊውዝ ደካማ ሆኖ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። እሱ አልቀልጥም ካለ የሚቀልጠው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ ቀጥሎ ቤቱ።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዕቃ ነው። የሚገባውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊአምፔር ከጎደለበት በሴኮንድ ክፍልፋይ መስመሩን ይቆርጣል። አዲስ ግኝትም አይደለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ዳልዚየል የዚህን ዓይነቱን መቁረጫ የሠሩት በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብም በ1975 በመኖሪያ ቤት መታጠቢያ ክፍል ሶኬቶች ላይ እንዲኖር አዘዘ።

እኛ ዘንድስ? ሕግ የለም እንዳይባል የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ከወጣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል። በወረቀቱ መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። የኛን ግቢ ሽቦ የዘረጋው ግን የአከራያችን የእህት ልጅ ነው፤ ሙያው ሹፍርና! ይህን አቤት ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ብሄድ የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር። «እስከ ቆጣሪው የኛ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲያ የራሳችሁ ጉዳይ።»

ወይ ጉድ! ክፍያ ሲዘገይ መሰላል ይዞ መጥቶ መስመር የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም። ያው ሰው የመሬት ሽቦ መኖር አለመኖሩን የሚለካበት መሣሪያ ይዞ ለምን አይመጣም? ሕዝቡ ሲከፍል ደንበኛ፣ ሲነዝረው ግን ባለቤት አልባ የሚሆነው በየትኛው ሥርዓት ነው? እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመሬት ሽቦው ተለክቶ፣ ያ መቁረጫ ገብቶ ካልታየ ቆጣሪ አይተከል። በሚነዝር ቤት ኪራይ የሚሰበስብም ሰው በሕግ ይጠየቅ።

መቁረጫውን ገዝተን እናስገባ ብለን አከራያችንን ብናማክራቸው፣ ቤቱ ስለሚሻሻል ኪራዩም ይሻሻላል አሉን። ጎረቤታችን ትናንት ጋግራለች፤ ጣውላዋ ላይ ቆማ፣ የልጇን ቦት ጫማ አጥልቃ።