ሹመትና ቢስክሌት

ብዙዎቻችን ወጣቶች ትምህርታችንን ፈጽመን ሥራ በያዝን ማግሥት አስቀድመን የምንሸጠው ዕቃ ቢኖር ቢስክሌታችንን ነው። እኛም ሸጠናታል። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን፥ ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ከጓደኞቻችን ጋር ለመመካከር መሆኑ እንዲታወቅልን እንወዳለን።

ባሕር ዳርን ያላየ አንባቢ ቢኖር አቀማመጧን በጥቂቱ እንንገረው። ከተማዋ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፥ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ናት። ዳገት የላትም ለማለት ይቻላል። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም.፥ ፖሊ ቴክኒኩም በ1955 ዓ.ም. ተቋቋሙ። በዚያው ዘመን የጀርመን ባለሙያዎች የከተማ ፕላን አወጡላት፤ ሰፋፊ ጐዳናዎች ተቀደዱ፤ ዘንባባም በዳርና ዳር ተተከለ። ሜዳው፥ የመንገዱ ስፋትና የዛፉ ጥላ አንድ ላይ ሲገናኙ ከተማዋን ለቢስክሌት ተብላ የተሠራች አስመሰሏት። ሠራተኛውም ተማሪውም ይህን ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገውም።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳለን የነበረችን ቢስክሌት አሮጌ ነበረች። ፍሬኗ እምብዛም ስለማይታመን የምንቆመው በጫማችን ነበር። ሆኖም ባሕር ዳርን ያወቅነው በእርሷ ነው። በሰንበት ቀን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥተን የሐይቁን ዳር ይዘን እንነዳለን፤ ከዚያም የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ቤዛዊት ኰረብታ እንወጣለን። በከተማይቱ አጠገብ እግር የሚያደክም ዳገት ቢኖር ይህ ነው። ከላይ ሆኖ ቍልቍል ሲመለከቱት ዓባይ ገና ከሐይቁ መውጣቱ ስለ ሆነ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ያ ዝግተኛ ውሃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በጢስ ዓባይ ከገደል የሚወረወረው መሆኑን ለማመን ያስቸግራል።

ከጕዟችን ሁሉ ያልረሳነው ግን በ2013 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ወደ ዘጌ ያደረግነው ነው። መንገዱ ጠጠር ነበር። ግማሽ ያህሉን እንደ ሄድን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታ በሌለበት ገጠር ጎማ የፈነዳበት ሰው ትዕቢቱ ወዲያው ይበርድለታል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳቸው ወጥተው፥ «ልጆቼ፥ ፀሐዩ ሳይመታችሁ ከጥላው ግቡ» አሉንና ጎማ መለጠፍ የሚያውቀውን ልጃቸውን ከገበያ አስጠሩልን። ልጁ እስኪመጣ ድረስ ቈሎና ጠላ ቀርቦልን ብዙ ተጨዋወትን።

በዚያ ጨዋታ መካከል ሽማግሌው፥ «በዚህ መንገድ መኪና ሲያልፍ ሁልጊዜ እናያለን፤ ሰው ሲያልፍ የምናየው ግን አንዳንድ ጊዜ ነው» አሉ። ቀጥለውም ከመንገዱ ሥር የተቀበረውን የውሃ ቱቦ አሳዩን። ቱቦው በደለል ስለ ተደፈነ፥ ክረምት በመጣ ቍጥር ጐርፉ ወደ ማሳቸው እየዞረ አፈሩን ይጠርገው ኖሯል። «ተምራችሁ ስትሾሙ ይህቺን ቱቦ አትርሷት» ብለው ሣቁ። እኛም ሣቅን፤ ቃልም ሰጠን።

ጎማው ተጠግኖ ዘጌ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ዘጌ ከጥንት ጀምሮ እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባበት ተገዝቷል ተብሎ ስለሚነገር፥ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ጫካ ሆኖ ይኖራል። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ተመልክተን ወደ ሐይቁ ወረድን። በዚያም ከደንገል በተሠራ ታንኳ የማገዶ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፉ ሰዎች አገኘን። በከተማ ሳለን እንጨቱን በየምድጃው አይተነው ነበር፤ እንጨቱ ስንት የቀዘፋ ሰዓት እንዳለበት ያወቅነው ግን ያን ቀን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ተመርቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርን። ቢስክሌቷም ተሸጠች። ምክንያታችንን ብንጠየቅ «ከሥራው ጋር አይሄድም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ ላይ ለመስክ ሥራ በዚያው በዘጌ መንገድ በመኪና ተላክን። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል። ከዚያች ቱቦ አጠገብ ስንደርስ እኒያ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበር፤ አቧራችን ሲደርስባቸው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ነጂውን «አቁምልን» ማለት የእኛ ፈንታ ነበር፤ አላልንም። ሰዓቱም የሌላ፥ መኪናውም የሌላ ነው ብለን ራሳችንን አታለልን። ማታ በጻፍነው ሪፖርት ላይ «የመንገዱ ሁኔታ በጠቅላላው ደኅና ነው» የሚል ቃል ይገኛል። ዐረፍተ ነገሩ ከመኪናው መቀመጫ ላይ ሆኖ ሲታይ ሐሰት አልነበረም። ጥፋቱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የገጠሩ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። ሽማግሌውን ፈልገን ይቅርታ ለመጠየቅ ያሰብነውም ሳይፈጸም ቀርቷል። ሊደረግ በሚቻልበት ቀን ያልተደረገ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የተረዳነው በዚህ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን፥ «ቢስክሌት የድኻ አገር መጓጓዣ ነው፤ ሥልጣኔ ሲመጣ ይቀራል» ይሉናል። ለዚህ መልሱ ሆላንድ ናት። ያች አገር እንደ ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሀብቷ ግን ከብዙ አገሮች ይበልጣል። ሕዝቧ 18 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ቢስክሌቶቿ 23 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ። ይህም ያለ ትግል የተገኘ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውቶሞቢል በረከተና ቢስክሌት እየተገፋች ሄደች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ብቻ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል ከ400 በላይ ሕፃናት፥ በመንገድ አደጋ ሞቱ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» እያሉ አደባባይ ወጡ። በ1973 ነዳጅ ሲታጣ ደግሞ መንግሥቱ በእሑድ ቀን አውቶሞቢል እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም መንገዱ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል አየ። ከዚያ ወዲህ ለቢስክሌት የተለየ መስመር በየከተማው ተሠራ። ከ2010 እስከ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ ወደ ሥራቸው በቢስክሌት ሲሄዱ ይታዩ ነበር፤ በዚህም ክብራቸው ሲቀነስ አልታየም።

በእኛም አገር በቅርብ ዓመታት በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም የቢስክሌት መስመር ተለይቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መስመር ቀለም ብቻ ነው፤ መንገድ የሚያሰኘው የሚሄድበት ሰው ነው። የተማረው ወጣት ካልነዳበት የመኪና ማቆሚያና የባጃጅ ማለፊያ ሆኖ ይቀራል። ወንድሙ ሲነዳ «ጐበዝ» የሚባልባት፥ እኅቱ ስትነዳ ግን የሚፏጭባት ከተማ ብትኖር፥ እርሷም ገና አልሠለጠነችም።

መኪና አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሕመምተኛ በቢስክሌት አይወሰድም፤ ሩቅ ወረዳም በፔዳል አይደረስም። የምንለው፥ ሹም የሚያስተዳድረውን ሰፈር ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሰላምታ ለመስጠት በሚያስችል ፍጥነት ይለፍበት ነው። ቢስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው መስኮት የለውም፤ ጕድጓዱ ይነግረዋል፥ የተደፈነው ቦይ ይሸተዋል፥ ሰውም ስሙን ጠርቶ ያስቆመዋል። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህም ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

እኛ ባለፈው ወር ያገለገለች ቢስክሌት ገዝተናል። በመጀመሪያው ቀን የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ፥ «ምነው ጌታዬ፥ ተቸገሩ እንዴ?» ብለው በእውነት አዘኑልን። አልተቸገርንም። የዘጌ መንገድ በሰላም የሚኬድበት ቀን ሲመጣ የመጀመሪያው ጕዟችን ወደዚያች ቱቦ ይሆናል። አብሮን ሊነዳ የሚወድ ቢኖር የጎማ መለጠፊያውን እኛ እንይዛለን።